አዲጋላ፦ የአንድ መካከለኛ የባቡር ጣቢያ ታሪክና ቅርስነት

ስለ ኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር የተጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስፍራዎችን ያነሣሉ፤ እነርሱም የአዲስ አበባው ለገሀር፣ ድሬዳዋና የጅቡቲ ወደብ ናቸው። በመካከላቸው የነበሩት ትንንሽ ጣቢያዎች ግን በጊዜ ሰሌዳ ላይ ከሰፈረ ስም ያለፈ ትኩረት አላገኙም። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ በሚወስደው ደረቅ ቆላ ላይ የምትገኘው አዲጋላ ከእነዚህ አንዷ ናት። ይህ ጽሑፍ የአንድ ታሪካዊ ጣቢያ ዋጋ ከሕንፃው ግዝፈት ይልቅ በሰጠው አገልግሎት መመዘን እንዳለበት በአዲጋላ ምሳሌነት ያስረዳል። አዲጋላ ለዚህ የተመረጠችው፣ ሁለት ዘመናት ሁለት የተለያዩ የባቡር መስመሮችን በአንድ ስም ስላሳለፉባት ነው።

የመስመሩ አመጣጥ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ። ውሉ መስመሩን በሦስት ክፍል ያየው ነበር፤ መጀመሪያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐዲዱን የሐረርን ተራራ ማስወጣት አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ) ሐዲዱ ሲደርስበት የተቆረቆረው ከተማ ድሬዳዋ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው በገንዘብ እጦትና በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በኢጣሊያ ፉክክር ምክንያት ለዓመታት ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በሌላ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) ነው። ይህ የጊዜ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር ያመለክታል። በአዲጋላ ቆላ ባቡር ሲመላለስ ዋና ከተማይቱ ባቡር ለማየት ገና አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይቀራት ነበር። ዘመናዊነት ከማእከል ወደ ዳር ተዛመተ የሚለው የተለመደ አተራረክ በዚህ መስመር ላይ አይሠራም፤ ባቡሩን አስቀድሞ ያወቀው የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደር ነው። ትውውቁም ሰላማዊ ብቻ አልነበረም። ሐዲዱ የግጦሽ መሬትንና የውኃ መንገድን አቋርጦ በማለፉ በግንባታው ወቅት ግጭትና የሰው ሕይወት መጥፋት ተከትሏል፤ ውሎ አድሮ ግን ከዚያው ማኅበረሰብ መካከል በሠራተኝነት፣ በጥበቃና በንግድ ኑሮውን ከባቡሩ ጋር ያስተሳሰረ ብዙ ሰው ወጣ።

ጣቢያን የሚፈጥሩ ሦስት ምክንያቶች

በረሃ መካከል ጣቢያ የሚቆመው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ምክንያት ውኃ ነው። በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ከድንጋይ ከሰል ወይም ከማገዶ እኩል ውኃ ይፈልጋል። ከጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ እስከ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወጣው ይህ መስመር፣ 310 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ደረቅ ምድር ላይ በየርቀቱ ውኃ የሚቀዳበት ስፍራ ያስፈልገው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት መተላለፊያ ነው። አሮጌው መስመር በሐዲዶቹ መካከል የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ነጠላ መንገድ ስለነበር፣ የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር መተላለፍ የሚችሉት ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። አንደኛው ቀድሞ ደርሶ ሌላውን ይጠብቃል፤ የጣቢያው ኃላፊም ከአጎራባች ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ መንገዱ ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡሩን አይለቅም። ስለዚህ ትንሹ ጣቢያ ለመንገደኛው ደኅንነት ከትልቁ ያላነሰ ኃላፊነት ነበረበት።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱ የተወለደ ነው። ባቡር ውኃ እስኪቀዳ ወይም ተላላፊውን እስኪጠብቅ ሲቆም መንገደኛው ይራባል፣ ይጠማል፣ ይገበያል። በመቆሚያው ጊዜ ልክ ገበያ ይፈጠራል፤ ወተት፣ ሻይ፣ ፍየል፣ ከጅቡቲ የመጣ ሸቀጥ ይለዋወጣል። ከገበያው አጠገብ ደግሞ መኖሪያ ይከተላል። የናይጀሪያው ወይም የሕንዱ መስመር ታሪክ ሳይፈለግ፣ በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1899 እንደ ባቡር ሠፈር የተመሠረተችው ናይሮቢ የዚህ ሂደት ትልቋ ምሳሌ ናት። አዲጋላና መሰሎቿ የዚያው ሂደት ትንሹ ገጽታ ናቸው።

ወደ ውጭ አገር የሚወስድ መንገድ

ከአዲጋላ ተነሥቶ በአይሻ በኩል ደወሌ ሲደረስ ኢትዮጵያ ታበቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ገሊሌ፣ አሊ ሳቢህ፣ ሆልሆልና ጅቡቲ ይከተላሉ። በአውሮፕላን መጓዝ ከመለመዱ በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ዋና መንገዱ ይህ ነበር። ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድ በነበረበት ዘመን ጉዞው በአዋሽና በድሬዳዋ እየታደረ ሦስት ቀን ይወስድ ነበር። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተጋበዙ የውጭ መልእክተኞች በዚሁ ሐዲድ ወጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ ሐዲድ ወደ ስደት ወረዱ። ሁለቱም ጉዞዎች በአዲጋላ በኩል አልፈዋል።

ሆኖም «ውጭ አገር» የሚለው ቃል ለሁሉም መንገደኛ አንድ ትርጉም አልነበረውም። ለአዲስ አበባው ተማሪ ወይም ነጋዴ ደወሌን ማለፍ ከአገር መውጣት ነው። በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ጠረፍ ተከፋፍሎ ለሚኖረው የኢሳ ማኅበረሰብ ግን ያው ጉዞ ዘመድ መጠየቅ ነበር። ይህ ልዩነት በ1969 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ጅቡቲ ነጻነቷን ባወጀችበትና የኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት በተቀጣጠለበት በዚያ ዓመት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዋና በሩን ሲያጣ፣ የመስመሩ ዳር ነዋሪ ደግሞ ገበያውንና የዘመድ መንገዱን አጣ።

ስሙ የቀጠለ፣ ሥራው የተለወጠ ጣቢያ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ናፍጣ እንፋሎትን ሲተካ የጣቢያዎች የመጀመሪያ ምክንያት ደከመ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የአሮጌው መስመር አገልግሎት እየተቆራረጠ መጥቶ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው የአሮጌው ፉርጎ በእርሱ ላይ ሊሄድ አይችልም። አዲጋላ በአዲሱም መስመር ላይ ጣቢያ አላት። በአሠራር ግን የቀድሞዋ ቀጣይ አይደለችም። ባቡሩ ውኃ አይቀዳም፤ መተላለፉ በምልክትና በመቆጣጠሪያ ማእከል ይመራል፤ የመቆሚያው ጊዜ አጭር ነው። ከሦስቱ ምክንያቶች ሁለቱ ሲቀሩ ሦስተኛው፣ ማለትም ገበያው፣ መሠረቱን ያጣል። የፍጥነቱ ጥቅም ለአገር ኢኮኖሚ የማይካድ ቢሆንም፣ ዋጋውን ከሚከፍሉት መካከል ቀድሞ በባቡር መቆም ይተዳደሩ የነበሩ ትንንሽ ከተሞች ይገኛሉ።

የቅርስ ጥያቄ

በኢትዮጵያ የባቡር ቅርስ ሲነሣ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሀር ሕንፃና የድሬዳዋ ጣቢያ ይጠቀሳሉ። የሁለቱ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጫፎች ብቻ ተጠብቀው መካከሉ ከጠፋ የመስመሩ አሠራር ሊገባ አይችልም። የሕንዱ የዳርጂሊንግ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ ሲመዘገብ መስመሩ ከነጣቢያዎቹ እንደ አንድ ቅርስ ታይቷል። ለጋራ ምዝገባ የሚሆን ምሳሌም በአካባቢው አለ፤ የኢሳ ማኅበረሰብ የቃል ሕግ የሆነው ሔር ኢሴ እ.ኤ.አ. በ2024 የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አንድ የጠረፍ ተሻጋሪ ማኅበረሰብ ሕግ በዚህ መንገድ ከተመዘገበ፣ ያንኑ ምድር የሚያቋርጠው ሐዲድም በሁለቱ አገሮች በጋራ ሊጠና ይችላል።

አዲጋላን ለመጎብኘት የሚነሣ ተመራማሪ ሦስት ሥራዎችን አጣምሮ ቢይዝ ይጠቅማል። አንደኛው የቦታ ጥናት ነው፤ ሐዲዱ፣ የውኃ መቅጃው፣ መተላለፊያውና መኖሪያው እርስ በርስ ያላቸውን አቀማመጥ መለካትና መሳል። ሁለተኛው የሰነድ ጥናት ነው፤ የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ስለነበር የስፍራው ስም አዳጋላ፣ ሀዲጋላ እየተባለም ስለሚጻፍ ፍለጋው ይህን ልዩነት ማሰብ አለበት። ሦስተኛውና ጊዜ የማይሰጠው የቃል ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በወጣትነታቸው የተቀጠሩ የባቡር ሠራተኞች ዛሬ ሰባ ዓመትን አልፈዋል። ሕንፃ ቢዘገይም ሊለካ ይችላል፤ ባቡሩ ስንት ደቂቃ ይቆም እንደነበር፣ ማን ምን ይሸጥ እንደነበር፣ የጣቢያው ኃላፊ በየትኛው ቋንቋ ከማን ጋር ይግባባ እንደነበር የሚናገሩት ግን እነርሱና በመስመሩ ዳር ያደጉት ናቸው። ጥናቱ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሶማሊኛም መካሄድ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።