ላብ ነጃሳ አይደለም፤ ሽታው ግን ከልብስ እንዴት ይወጣል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የመርካቶን ቀትር የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። የዙህር አዛን ሲሰማ ከሸማ ተራ፣ ከምናለሽ ተራ፣ ከእህል በረንዳ ሰው ወደ አንዋር መስጂድና በየሰፈሩ ወዳሉት ትንንሽ መስጂዶች ይጎርፋል። ነጋዴው ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ፣ ጫኝና አውራጁ የተሸከመውን ጆንያ አራግፎ፣ ጠዋት ጂም የነበረው ወጣት ማሊያውን ሳይቀይር፣ ሁሉም አንድ ሰፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ መስጂድ ያየነው ነገር ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ አደረገን። ኢቃም ተደርጎ ሰፍ ሲስተካከል አንድ የጉልበት ሠራተኛ ወጣት ክፍት ቦታ አይቶ ገባ። ከጎኑ የነበሩት ሰው አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፍ ሄዱ። ወጣቱ ምንም አልተናገረም፤ ወደ ኋላ ወጥቶ በሩ አጠገብ ብቻውን ሰገደ። ከሶላት በኋላ ስናናግረው “ልብሴን ትናንት ማታ አጥቤዋለሁ፤ ግን ሽታው አይለቅም” አለን። እውነቱን ነበር። የለበሰው የፖሊስተር ማሊያ ነው። እንዲህ ያለ ልብስ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሲለበስ ንጹሕ መስሎ፣ ሰውነት ሲሞቅ ግን የድሮ ሽታው ይመለሳል።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን እንመልስ። ላብ በሸሪዓችን ምንድን ነው? ሽታውስ ከስፖርትና ከሥራ ልብስ እንዴት ይወጣል?

*ላብ ጦሃር ነው*

በመጀመሪያ የሚያስጨንቀውን እናስወግድ። የሰው ላብ ንጹሕ (ጦሃር) ነው። ላብ የነካው ልብስ ነጃሳ አይሆንም፤ በላብ በራሰ ልብስ የተሰገደ ሶላትም ትክክል ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ጀናባ ላይ ሳሉ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር መንገድ ላይ ተገናኝተው ተደብቀው ሄደው ታጥበው ሲመለሱ፣ ነቢያችን ሙእሚን ነጃሳ እንደማይሆን እንደነገሯቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ “ልብሴ ስለሸተተ ሶላቴን ላቆይ” የሚል ወንድም ተሳስቷል። ሶላት በወቅቱ ይሰገዳል።

ነገር ግን ጦሃር መሆንና ሰውን አለማስቸገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ሐላል ነው፤ ሆኖም ጥሬውን የበላ ሰው መስጂድ እንዳይቀርብ ተነግሯል። ምክንያቱ ሽታው ጎን ያለውን ሰጋጅ ስለሚያስቸግር ነው። የላብ ሽታም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

*የሱፍ ልብስና ጠባቡ መስጂድ*

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የጁሙዓ ትጥበት ግዴታ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ነገሩ እንዴት እንደጀመረ አስረድተዋል። አቡ ዳውድ በዘገቡት መሠረት በዚያ ዘመን ሰዎች ችግረኞች ነበሩ፤ ሱፍ ይለብሳሉ፣ በጀርባቸው ተሸክመው ይሠራሉ፤ መስጂዱም ጠባብና ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር። በአንድ ሞቃት ቀን ሱፉ ውስጥ ላባቸው ወርዶ ሽታው እርስ በርስ አስቸገራቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲያሸቱ በዚህ ቀን እንዲታጠቡና ያላቸውን መልካም ቅባትና ሽቶ እንዲቀቡ አዘዙ። በኋላ አላህ ኸይሩን አመጣ፤ ከሱፍ ሌላ ልብስ ለበሱ፣ የሥራው ጫና ቀለላቸው፣ መስጂዱም ሰፋ።

ይህን ታሪክ መርካቶ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። በጀርባ መሸከም፣ ላብ የሚይዝ ልብስ፣ የተጨናነቀ መስጂድ፤ ሦስቱም ዛሬም አሉ። ልብ እንበል፤ ነቢያችን ሠራተኞቹን ከመስጂድ አላስወጡም። መፍትሔውን አሳዩአቸው። በሌላ ሐዲስም አቅም ያለው ሰው ከሥራ ልብሱ ሌላ ለጁሙዓ የሚሆን ልብስ ቢይዝ መልካም እንደሆነ ተናግረዋል፤ አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል።

የእኛ ዘመን ሱፍ ደግሞ ፖሊስተር ነው።

*ሽታው ለምን አይለቅም?*

ላብ ከሰውነት ሲወጣ ራሱ ብዙም አይሸትም። በብብት አካባቢ የሚወጣው ላብ ቅባትና ፕሮቲን አለው። ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እርሱን ሲመገቡ የሚቀረው አሲድ ነው የሚሸተው። ስለዚህ ትግላችን ከውሃው ጋር ሳይሆን ከቅባቱና ከባክቴሪያው ጋር ነው።

ጥጥ ውሃ ይመጣል፤ ሲታጠብም የያዘውን ይለቃል። ፖሊስተር ግን ከፔትሮሊየም የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ውሃ አይወድም፤ ቅባት ግን አጥብቆ ይይዛል። ላቡ ከላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ቅባቱ ክሩ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ በ2014 በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ጤናማ ሰዎች ከከባድ የብስክሌት ልምምድ በኋላ ያወለቁትን ካናቴራ መርምረው የፖሊስተሩ ሽታ ከጥጡ የባሰ ሆኖ አግኝተውታል። ማይክሮኮከስ የሚባሉ ሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በፖሊስተሩ ላይ በብዛት ማደጋቸውንም አይተዋል።

መርካቶ ተከምሮ የሚሸጠው ማሊያና ቱታ አብዛኛው ፖሊስተር ነው። የእህቶቻችን ዐባያና ጂልባብም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ይሠራል። በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ቅባቱ አይሟሟም። ሳሙና ሲበዛም በደንብ ስለማይለቀለቅ የሳሙናው ቅሪት በላዩ ላይ ተጨማሪ ሽፋን ይሆናል።

*እንዴት እንጠበው?*

አንደኛ፣ ልብሱን በፌስታል አንቋጥር። ከጂም ወይም ከሥራ ስንመለስ ያወለቅነውን እርጥብ ልብስ በፌስታል አስረን ማሳደር ለባክቴሪያ ቤት ሠርቶ መስጠት ነው። ማጠቢያ ጊዜ ባይኖረን እንኳ ወዲያው በውሃ አለቅልቀን ነፋስ ላይ እንስቀለው።

ሁለተኛ፣ ገልብጠን እንዘፍዝፍ። ቅባቱ ያለው ቆዳችንን በሚነካው በውስጥ በኩል ነው። ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ጨምረን ልብሱን ለግማሽ ሰዓት እንተወው። አቼቶው የተጠራቀመውን የሳሙና ቅሪት ያላቅቃል፣ ባክቴሪያውንም ያዳክማል። የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ ይጠፋል። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ አስቀድመን በማይታይ ጠርዝ ላይ እንሞክር።

ሦስተኛ፣ በአቼቶ ያልለቀቀውን በሌላ ቀን በቤኪንግ ሶዳ እንሞክር። ለአራት ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው፤ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ ይቻላል። ለብብቱ ደግሞ ሶዳውን በጥቂት ውሃ ለውሰን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንሸው። የላቡ ሽታ አሲድ ስለሆነ ሶዳው ያከሽፈዋል። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አንቀላቅል። አረፋው ሥራ የሚሠራ ይመስላል፤ በእውነቱ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።

አራተኛ፣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ እንጠብ። ፖሊስተርና ላይክራ የፈላ ውሃ አይችሉም፤ ቅርጻቸው ይበላሻል። ነጭ የጥጥ ካናቴራና ካልሲ ግን ቢቀቀል ችግር የለውም። ኦሞ ወይም ፈሳሽ ሳሙና በልክ ይሁን። ከዚያ ውሃው አረፋ እስኪያጣ እናለቅልቅ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ለዚህም ነው ሳሙናን መቀነስ ውሃ መቆጠብ የሚሆነው። አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻ ካለን ከመዘፍዘፊያው ይልቅ አብዛኛውን ለማለቅለቂያው እናስቀር።

አምስተኛ፣ ገልብጠን ፀሐይና ነፋስ ላይ እናስጣ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ጠንካራ ነው፤ ባክቴሪያንም ይገድላል። በክረምት ግን ልብስ በቤት ውስጥ ሁለት ቀን እርጥብ ሆኖ ሲቆይ አዲስ የሻጋታ ሽታ ይጨምራል። ስለዚህ በክረምት ጥቂት ጥቂት እንጠብ፣ በደንብ እንጭመቅ፣ ልብሶቹን አራርቀን በነፋስ መግቢያ በኩል እንስቀል።

እናቶቻችን ሳሙና ሳይኖር በእንዶድ ያጥቡ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተፈጭቶ ሲመታ የሚወጣው አረፋ ቅባትን የሚያላቅቅ ንጥረ ነገር አለው። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለመከላከል ምርምር የጀመሩት። እንዶድ ያለው ሰው ዛሬም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ዓይን እንዳይነካ፣ እጣቢውም ዓሣ ወዳለበት ውሃ እንዳይደፋ ብቻ ይጠንቀቅ።

*ልንጠነቀቃቸው የሚገቡ ስሕተቶች*

ከሁሉ የከፋው በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ነው። ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በአንድ ሳፋ፣ በአንድ ጊዜ፣ ፈጽሞ አይሁን። በረኪና ብቻውንም ለማሊያና ለላይክራ አይሆንም፤ ያቢጫል፣ ክሩንም ይበላል።

የልብስ ማለስለሻም ለስፖርት ልብስ አይጠቅምም። ጥሩ መዓዛ ይሰጣል፤ ነገር ግን ክሩን በቅባት ይሸፍነዋል፣ ሽታውንም ከሥር ያምቀዋል።

ሽቶና ዑድም እንዲሁ ናቸው። ሽቶ መቀባት ለወንዶች ሱና ነው፤ ቦታው ግን ከመታጠብ በኋላ ነው። በቆየ ላብ ላይ የተረጨ ሽቶ ሁለት ሽታ ይሆናል። እህቶች ደግሞ ወደ መስጂድ ሲመጡ መዓዛ እንዳይቀቡ በሙስሊም ዘገባ ተነግሯል። ስለዚህ ለእህቶች መሸፋፈኛ መንገድ የለም፤ የዐባያው ብብት በሚገባ መታጠቡ የበለጠ አስፈላጊ ነው። ከዐባያው ሥር ስስ የጥጥ ልብስ መልበስ ላቡን ስለሚመጥ ትልቅ እፎይታ ነው።

*ልብሱ ነጃሳ ካለበትስ?*

የገበያ መሬት ላይ የሚውል ልብስ ከላብ ሌላ ነጃሳ ሊነካው ይችላል። በሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ የነካው ልብስ ጥቂት ውሃ ውስጥ ቢነከር ውሃውም ነጃሳ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንጠብቅ። መጀመሪያ ነጃሳው ያለበትን ቦታ ንጹሕ ውሃ እያፈሰስን ዓይነቱ እስኪጠፋ እናስለቅቅ፣ ከዚያ እንዘፍዝፍ፣ መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውሃ እናለቅልቅ። አቼቶና ሶዳ ሽታ ያወጣሉ እንጂ የውሃን የማጥራት ቦታ አይተኩም። የሳልባጅ ልብስ ላይም ጥርጣሬ አይብዛብን። ነጃሳ መኖሩን እስካላረጋገጥን ድረስ መሠረቱ ንጹሕ ነው፤ ከመልበሳችን በፊት ግን ለንጽሕናውና ለመጋዘን ሽታው ማጠቡ ተገቢ ነው።

*ልብሱ ብቻ አይደለም*

ብብት ካልጸዳ የታጠበ ልብስ በአንድ ሰዓት ይሸታል። የብብትን ፀጉር ማስወገድ ከፊጥራ ሱናዎች አንዱ ነው፤ ከ40 ሌሊት በላይ እንዳይቆይም በሙስሊም ዘገባ ወሰን ተደርጎለታል። ፀጉሩ ላብና ባክቴሪያ ስለሚይዝ ይህ ሱና ሽታውን ከምንጩ ይቀንሳል። ለውዱእ ስንቀመጥ በእርጥብ ጨርቅ ብብታችንን መጥረግም ደቂቃ አይፈጅም። ካልሲ በየቀኑ ይቀየር፤ ሱጁድ የምናደርግበትን ምንጣፍ እናስብ።

ብዙ ታጥቦም የማይለቅ ማሊያ ካለ ለሥራ ብቻ ይሁን። ለሶላት አንድ የጥጥ ሸሚዝ በንጹሕ ከረጢት ውስጥ ይዞ መዋል ከሁሉም መፍትሔ የቀለለ ነው። ከትኩሳት፣ ከሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ሌሊት ሌሊት የሚያልበው ሰው ግን ጉዳዩ የልብስ አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

*ለባለ ሱቆችና ለጎረቤት ሰጋጆች*

ያ ወጣት የተባለውን አደረገ። በሳምንቱ ስናገኘው ማሊያውን በአቼቶ ዘፍዝፎ አጥቦት ነበር፤ ለሶላት ደግሞ የተጣጠፈ ሸሚዝ በቦርሳው ይዟል። በዚያ ቀን የሰገደው መሐል ሰፍ ላይ ነው። ሆኖም ይህን ለማግኘት አንድ ሳምንት በሩ አጠገብ መቆም አልነበረበትም።

አፍንጫ ይዞ መሸሽ አንድን ሙስሊም ከጀመዓ ሊያስቀር ይችላል። ሽታው ያስቸገረው ሰው ከሶላት በኋላ ለብቻው ጠርቶ፣ በወንድምነት ቃል ይንገረው። ጫኝና አውራጅ የምታሠሩ ነጋዴዎችም አንድ ትርፍ የጥጥ ካናቴራና ሸሚዙን የሚሰቅልበት አንድ ሚስማር በመጋዘናችሁ ብታዘጋጁለት ትንሽ ወጪ ነው፤ ምንዳው ግን በእያንዳንዱ ሶላቱ ውስጥ ድርሻ ሊሆናችሁ ይችላል። ጀርባው ላይ የወረደው ላብ የሐላል ሪዝቅ ላብ ነውና።

ወላሁ አዕለም።