ፈቃዱ የማን ነው? የድርጅት ሠራተኞችና የአካባቢ በጎ ፈቃድ አገልግሎት



ዛሬ የማነሳው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ድርጅት ሠራተኞቹ በሚኖሩበት አካባቢ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንዲሰጡ ማበረታታት የሚችለው እንዴት ነው? ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ በዓለም ጤና፣ በመቂና በባቱ በኩል ያለፈ ሰው፣ ከገበሬው ማሳ ጎን ለጎን በመስኖ የሚለሙ የአትክልትና የአበባ እርሻዎችን ያያል። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች፣ አዳማ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አሏቸው። በእነዚህ ሥፍራዎች የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች ከሥራ ሲወጡ የሚገቡት ወደነዚሁ ከተሞች ነው።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። በባቱ የሼር የአበባ እርሻ እንዳደረገው አንድ ድርጅት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሲያቋቁም፣ የሚሰጠው የራሱን ገንዘብ ነው። የሠራተኛ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ግን ከዚህ ይለያል፤ የሚሰጠው የሠራተኛው ጊዜ፣ ዕውቀትና ጉልበት ነው። ድርጅቱ የራሱን ገንዘብ መለገስ ይችላል፤ የሠራተኛውን ፈቃድ ግን ሊለግስ አይችልም። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ኅብረተሰቡ በአካባቢው የሚያከናውነውን የልማት ሥራ ከክልከላው ውጭ የሚያደርገውም በፈቃደኝነት እስከተሠራ ድረስ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ለሠራተኛውም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍት ይሰጠዋል። እንግዲህ አንድ ድርጅት በዕረፍት ቀን የጽዳት ዘመቻ ጠርቶ የተገኘውንና የቀረውን በስም ቢመዘግብ፣ ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ የምትመጣው ለከተማዋ አስባ ነው ወይስ ለእንጀራዋ ፈርታ? ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ዕድርስ ቢሆን ከቀብር የቀረውን አባል ይቀጣ የለምን? ግዴታ ከመረዳዳት ባህላችን ጋር መች ተለያይቶ ያውቃል?» ይባላል። እውነት ነው፤ ዕድር ይቀጣል፤ በደቦም ጎረቤቱን ያልረዳ ሰው የእርሱ ተራ ሲደርስ ብቻውን ይቀራል። ነገር ግን የዕድሩን ደንብ ያጸደቁት ራሳቸው አባላቱ ናቸው፤ ዳኛውን መርጠዋል፣ ሊለውጡትም ይችላሉ፤ የዛሬው ረጂ ነገ ተረጂ ነው። በድርጅት ውስጥ ግን ሠራተኛው አለቃውን አይሽረውም፤ አለቃውም ከሠራተኛው ጋር ተራ አይገባም። ስለዚህ ከዕድር ልንወርስ የሚገባን ቅጣቱን ሳይሆን የአባላቱን ሥልጣን ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ድርጅቱ ጊዜ ይስጥ። በ1999 እ.ኤ.አ. በሳንፍራንሲስኮ የተመሠረተው ሴልስፎርስ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ከሠራተኞቹ ጊዜ 1 በመቶውን ለማኅበረሰብ አገልግሎት በመመደብ ይታወቃል። በእኛ የ48 ሰዓት ሳምንት ስናሰላው 1 በመቶ በዓመት 25 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ሦስት የሥራ ቀን ያህል ይሆናል። ይህ ሰዓት ደመወዝ የሚከፈልበት መሆን አለበት። በቀን ሒሳብ ለምትከፈል የእርሻ ሠራተኛ ያልተከፈለ ግማሽ ቀን ማለት ከቤቷ የጎደለ ምግብ ነውና።

ሁለተኛ፣ ሥራውን የአካባቢው ሰው ይምረጥ። ፋብሪካው አጥር ቀለም መቀባት ያምረው ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ግን የተበላሸውን የኤሌክትሪክ መስመር የሚጠግንለት ባለሙያ ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ሠራተኛው የዕድሩን መዝገብ ቢያስተካክል፣ የግብርና ባለሙያዋ ለሽንኩርትና ለቲማቲም አምራቹ ስለ ፀረ ተባይ አጠቃቀም ብታስረዳ፣ ከአንድ ቀን ዘመቻ ይልቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቱ ዘላቂ ይሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል፤ በዕለቱ ሠራተኞቻቸው እንዲሳተፉ የተዘጉ መሥሪያ ቤቶችም ነበሩ። ችግኝ ግን በአንድ ቀን ቢተከልም የሚጸድቀው በበጋው ወራት ውኃና ጥበቃ ሲያገኝ ነው። የደም ልገሳም ይህንኑ ያስተምረናል። ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነው ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊለግስ ይችላል፤ የተለገሰው ደም ግን ለሳምንታት እንጂ ለዓመት አይቀመጥም። ስለዚህ የደም ባንክ አንድ ጊዜ በብዛት ከሚመጡ ሰዎች ይልቅ ተመላልሰው የሚለግሱትን ይሻል። ሠራተኞች በየሦስት ወሩ በሥራ ሰዓት እንዲለግሱ የሚፈቅድ ድርጅት የሚያጣው ጥቂት ሰዓት ነው፤ በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈሳት እናት ግን ያ ደም ሕይወቷ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ ነገ በሰው ሀብት አስተዳደር ወይም በሥራ አስኪያጅነት ስትቀመጡ የምትጽፉትን መመሪያ በአንድ ጥያቄ መዝኑት፦ በደረጃ ዝቅተኛው ሠራተኛ «ዛሬ አልችልም» ቢል፣ ነገ በሥራ ምዘናው፣ በዕድገቱም ሆነ በአለቃው ፊት አንዳች ነገር ይጎድልበታልን? አይጎድልበትም ብላችሁ በልበ ሙሉነት መመለስ ከቻላችሁ፣ እሺ ብለው የመጡት በእርግጥ በፈቃዳቸው መጥተዋል። ካልቻላችሁ ግን ሥራው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ስሙን ለውጡለት።