የፋሲካው ዘንቢልና የቤተሰቡ ኪስ

ታላቁ የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ የገበያው ድምፅ ከወትሮው ይለያል። ሃምሳ አምስቱን ቀናት በጾምና በጸሎት ያሳለፈው ምእመን የጌታውን ትንሣኤ በደስታ ለመቀበል ይሰናዳል። ሰንጋው ከየአቅጣጫው ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ የዶሮ ነጋዴዎች በየመንደሩ ብቅ ይላሉ፤ የሽንኩርት ጆንያ ከመኪና ይራገፋል፤ የቅቤውና የቅመማ ቅመሙ መዓዛም ገና ከሩቅ ይቀበላል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል አንዲት የቤት እመቤት ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ የቋጠረችውን ገንዘብ በልቧ ደጋግማ እየቆጠረች ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ስትመላለስ እናያለን። ዶሮው ቢገዛ ቅቤው ይጎድላል፤ ቅቤው ቢገዛ ለእንቁላሉ አይተርፍም፤ ሁሉም ይሟላ ቢባል ደግሞ መበደር ሊኖርባት ነው። ብድሩም የሚከፈለው በዓሉ ካለፈ በኋላ ከቤት ኪራዩና ከልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ላይ ተቀንሶ ነው።

ይህች እናት የአንድ ሰፈር ሰው ብቻ አይደለችም። የእህሉና የነዳጁ ዋጋ ከዓመት ዓመት በጨመረበት በዚህ ዘመን በየቤቱ ያለች ናት። የገበያውን ዋጋ ብቻዋን ልትለውጠው እንደማትችል ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ መቼ፣ ከማን ጋርና ምን ያህል እንደምትገዛ የምትወስነው እርሷና ቤተሰቧ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህን በቤተሰብ እጅ ያሉ ውሳኔዎች ማመልከት ነው።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

ለዶሮ ወጥ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ በብዛት የሚገባውን ሽንኩርት እንመልከት። አዲስ አበባ ከሚገባው ሽንኩርት ከፊሉ ከመቂና ከባቱ አካባቢ የሚመጣ ነው። በዚያ ያለው ገበሬ በበጋ ማሳውን የሚያጠጣው ከዝዋይ ሐይቅና ከወንዞች ውኃ በሞተር እየሳበ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሞተሮች የሚሠሩት በነዳጅ ነው። ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ በጭነት መኪና ተጭኖ በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደሚገኘው የአትክልትና ፍራፍሬ ማዕከል ይጓዛል። ከዚያም በትንንሽ መኪናዎች ወደየጉሊቱ ይከፋፈላል። በመሆኑም ነዳጅ በአንዲት ራስ ሽንኩርት ላይ ከማሳ እስከ ጉሊት ሦስት ጊዜ ዋጋውን ያሳርፋል። የቤት እመቤቷም ወደ ገበያ ስትሄድና ስትመለስ የታክሲ ሒሳብ ስትከፍል ያው ነዳጅ ለአራተኛ ጊዜ ያገኛታል።

አገራችን የምትጠቀምበትን ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ የምታስገባ በመሆኗ በዓለም ገበያ የሚነሣው ማዕበል ሁሉ በቤታችን ይሰማል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸውና ይህም ከሌሎች የሕዝብ ብሶቶች ጋር ተዳምሮ ለአብዮቱ መቀጣጠል አንዱ ምክንያት መሆኑ በታሪክ የሚታወስ ነው። በቅርቡ ዘመንም በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት የነዳጅ፣ የስንዴና የምግብ ዘይት ዋጋ በዓለም ዙሪያ እንዲንር አድርጓል። በዚያው ዓመት ከሐምሌ ወር ጀምሮ በአገራችን የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ ተለይቶ የሚሰጥ ድጎማ ተዘርግቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ቀድሞ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባው ዘይትም ሆነ ነዳጅ በዚሁ መጠን ብዙ ብር የሚጠይቅ ሆነ።

ዋጋን በትእዛዝ ማውረድ እንደማይቻልም ከራሳችን ልምድ ተምረናል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ላይ ጠፍተው ሸማቹ ለሰልፍ መዳረጉ አይዘነጋም። በአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ የተጣለው ጣሪያም በዚያው ዓመት ተነሥቷል።

ገና ጾሙ ሳይፈታ

ከእነዚህ ከሩቅ ከሚመጡ ምክንያቶች ሌላ ግን እኛው ራሳችን የምናስከትለው የዋጋ ጭማሪ አለ። በጾሙ ወራት ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ፈላጊያቸው ይቀንሳል። በሰሙነ ሕማማት መጨረሻ ደግሞ ከተማው በሙሉ በሦስትና በአራት ቀናት ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ለመግዛት በአንድነት ይወጣል። ነጋዴው ይህን አሳምሮ ያውቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በችኮላ የሚገዛ ሰው ዋጋ የመከራከርያም ሆነ ዕቃ የመምረጫ ጊዜ አይኖረውም።

ስለዚህ አስተዋይ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ይሠሩበት የነበረውን ዘዴ ማስታወስ ይገባል። ቅቤን በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ፣ በኮረሪማ፣ በአብሽ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥሮ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል። የነጠረ ቅቤ ውኃውና አሬራው ስለሚለይ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። በርበሬም ዛላው ከመኸር በኋላ በብዛት ወደ ገበያ በሚገባባቸው ወራት ተገዝቶና ተደልዞ ቢቀመጥ ለፋሲካ የሚቀረው ከሌማቱ ማውጣት ብቻ ይሆናል። ጤፉም ቢሆን በክረምት ከመግዛት ይልቅ አዝመራው በተሰበሰበበት ሰሞን መግዛቱ እንደሚሻል የታወቀ ነው። ሽንኩርትም ደረቁ ተመርጦ፣ በፌስታል ሳይታፈን ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ቢዘረጋ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ይቆያል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር አስቀድሞ ይገዛ ማለት አይደለም። ዶሮ ብዙ ቀን አስቀድሞ ቢገዛ ቀለቡ ወጪ ይሆናል፤ በጠባብ ቤት ታስሮ ሲሰነብትም ይከሳል። ቲማቲምና ቃሪያም አይቆዩም። አስቀድሞ የሚገዛው የሚቆየው ነገር ነው፤ በዚህም በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚወጣው ገንዘብ ለዶሮውና ለእንቁላሉ ብቻ ይሆናል።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

ለአንድ ሰው ሸክም የሆነው ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚለው ብሂል ከቃል አልፎ በተግባር የሚታየው በቅርጫ ነው። ጎረቤታሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ ከታረደ በኋላም ሥጋው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራውና አጥንቱ በየመደቡ እኩል ይደለደላል፤ በመጨረሻም ዕጣ ይጣላል። በዚህ አሠራር ማንም ሰው ለሥጋ ቤት ትርፍ አይከፍልም፤ ማንም ሰው የተሻለውን ብልት ለራሱ አይመርጥም። መደቡን የደለደለው ሰው የትኛው መደብ ለእርሱ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እኩል ለማካፈል ይጠነቀቃል።

ይሁን እንጂ ቅርጫም ዝግጅት ይፈልጋል። መዋጮው በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ የሚከብደው ብዙ ነው። በመሆኑም በአንዳንድ ስፍራዎች እንደሚደረገው ከጾሙ መግቢያ አስቀድሞ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚጣልበት የበዓል ዕቁብ ማቋቋም ይጠቅማል። የቀድሞ ቅርጫተኞች ቆዳውን ሸጠው ከወጪው ላይ ይቀንሱ ነበር። የቆዳ ዋጋ በመውደቁ ይህ ገቢ ዛሬ እምብዛም ስለማይታሰብበት ሒሳቡን ያለ ቆዳው መሥራት ያስፈልጋል። አንድ መደብ የሚበዛበት ትንሽ ቤተሰብም ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ አንዱን መደብ ለሁለት መካፈል ይችላል።

ዘይት፣ ዱቄትና ስኳር በየቀበሌው ባሉ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ አትክልቱና እህሉ ደግሞ በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተስፋፉት የእሁድ ገበያዎች ይቀርባሉ። ወደ ሩቅ ገበያ መሄድ ግድ ሲሆንም ሦስት ጎረቤቶች ተነጋግረው አንዷ ለሦስቱም ብትገዛ የሁለቱ የታክሲ ሒሳብ ይተርፋል። በጅምላ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ ለማስቀነስ ያለው አቅም ከፍ ይላል።

እሳቱም ዋጋ አለው

የበዓል ወጪ ሲሰላ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማገዶው ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ለረጅም ሰዓት እሳት ላይ የሚቆይ ነው። ከሰሉም ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ስለሆነ የነዳጅ ጭማሪ ሳይነካው አይቀርም። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል የሚስብ ሲሆን፣ ይህም ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን 300 ያህሉን በአንድ ጊዜ ከማብራት ጋር የሚተካከል ነው። የመብራት ታሪፉም ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ የሚጨምርበት በመሆኑ፣ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ብዙ ቤተሰቦች ሳያውቁት አንዱ የሌላውን ሒሳብ ከፍ ያደርጋል።

ምጣድ ብዙ ኃይል የሚጨርሰው እስኪግል ድረስ ነው። ከጋለ በኋላ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። እንግዲህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይልቅ የሳምንቱን አብስሎ መጋገር፣ ከተቻለም ሁለት ጎረቤቶች ሊጣቸውን አቅርበው ባንድ የጋለ ምጣድ በተራ መጋገር ቆጣቢ ነው። በማገዶ የሚጋግሩ ደግሞ ምርት ምድጃን፣ ከሰል የሚጠቀሙም ላቀች ምድጃን ቢይዙ የማገዶው ወጪ በእጅጉ ይቀንስላቸዋል። ምርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ እንደሚያድን ተረጋግጧል። ከዚህም ሌላ ጭሱ ስለሚቀንስ ለእናቶች ዓይንና ሳንባ እፎይታ ነው።

ሚዛኑንና ደረሰኙን ማየት

ዋጋ ሲንር ማጭበርበሩም ይበረክታል። ቅቤን ከሌላ ቅባትና ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀል፣ በርበሬን በማይበላ ነገር ማብዛት፣ ሚዛንን ማዛባት በበዓል ሰሞን የሚሰሙ ወንጀሎች ናቸው። እጅግ የረከሰ ቅቤ ሲገኝ ከመደሰት በፊት መጠራጠር ይበጃል። ዛላውን ገዝቶ በቤት ማዘጋጀት የሚቻለው ሰው የተፈጨ በርበሬ ከመግዛት ያንን ይምረጥ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዋጋ ዝርዝሩን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ይህን መጠየቅ ሸማቹ በሕግ ያገኘው መብት እንጂ ነገረኛነት አይደለም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ከሁሉ የሚከብደው ምርጫ ግን በገበያ ሳይሆን በቤት ውስጥ የሚደረገው ነው። ብዙ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ የሚገባው ጾም የሚፈታበት ምግብ አጥቶ አይደለም። ጎረቤት ምን ይላል፣ ዘመድ ቢመጣ ምን አቀርባለሁ፣ ባለፈው ዓመት ሁለት ዶሮ የታረደበት ቤት ዘንድሮ እንዴት አንድ ይታረዳል በሚል ይሉኝታ ነው። የአንድ ቀን ማዕድ የሦስት ወር ዕዳ ሲያስከትል ደስታው ከቤት ቶሎ ይወጣል። ባልና ሚስትም በማግስቱ በሒሳብ ይነጋገራሉ፤ የልጆቹም ደብተርና ጫማ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

የአባቶቻችን ሥርዓት ግን ብዛትን አላዘዘም። አንድ ዶሮ በ12 ብልት ተለይቶ የሚወጣው ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ሲደርሰው ማንም ተበደልኩ አይልም። በጸሎተ ሐሙስ የምንቀምሰው ጉልባን ከባቄላና ከስንዴ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የማን ጉልባን በለጠ ብሎ የሚፎካከር ጎረቤት አልታየም። ስለዚህ ባልና ሚስት፣ ከፍ ከፍ ያሉ ልጆችም ጭምር፣ በዓሉ ሦስትና አራት ሳምንት ሲቀረው ተቀምጠው ያለውን ገንዘብ በግልጽ ቢቆጥሩ፣ ከበዓሉ በኋላ ያለውን የወሩን ወጪ አስቀድመው ቢያስቀምጡ፣ በቀረው ልክ ለመዋል ቢስማሙ መልካም ነው። ልጆች ቀድመው የተነገራቸውን ነገር በጸጋ ይቀበላሉ፤ የሚያስከፋቸው ሳይጠብቁት የሚመጣው ጉድለት ነው።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 ላይ እንደተጻፈው፣ የእስራኤል ሕዝብ የሕጉን ቃል ሰምተው ባለቀሱ ጊዜ ቀኑ የተቀደሰ ስለሆነ እንዳያዝኑ፣ ይልቁንም በልተውና ጠጥተው ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻ እንዲልኩ ተነግሯቸዋል። የበዓሉ ደስታ የሚሟላው ከራስ ማዕድ ለሌላው በሚላከው ድርሻ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን። አስቀድሞ የገዛ፣ በጋራ የገዛና ሳይበደር የዋለ ቤተሰብ የሚልከው አንድ ሣህን አያጣም። በዕዳ የተሞላ ድስት ግን ለጎረቤት ለመጨለፍ እጅ ያስራል።

በየመንደራችን የጡረታ አበል የማይበቃቸው አረጋውያን፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው በሰው ቤት የተጠጉ ወገኖች አሉ። ቅርጫውን የሚያደራጁ ሰዎች ከመደቦቹ አንዷን ለእነዚህ ቢያስቡ፣ በአንድ ምጣድ የጋገሩ ጎረቤታሞች ከእንጀራቸው ጥቂት ቢለዩ፣ ዋጋው ባይወርድም በዓሉ በሁሉም ቤት ይገባል። የገበያዋ እናትም ዘንቢሏ በግማሽ ቢሞላም ያለ ዕዳ ወደ ቤቷ ትመለስ፤ ሌሊት ከቅዳሴ መልስም ከልጆቿና ከጎረቤቷ ጋር በሰላም ትፈስክ።

መልካም የትንሣኤ በዓል ያድርግልን።