«የኛ»፤ በዜማ አቤት ያሉ ልጃገረዶች

በኢትዮጵያ ሴት ልጅ ብሶቷን በዜማ ማሰማቷ አዲስ ነገር አይደለም። በወፍጮ ላይ ያጎነበሰች ሙሽራ ስለ አማቷና ስለ ራቀው የወላጆቿ ቤት ታንጎራጉር ነበር። ፊት ለፊት ቢነገር ነውር የሚሆነው በእንጉርጉሮ ሲወጣ የሚቆጣ የለም። በጎንደር አውራጃ ያደጉ እናቶቻችን ይህን ከኛ በተሻለ ያውቁታል። ሆኖም ያ እንጉርጉሮ ከጓዳ አልፎ አይሰማም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 አምስት ወጣት ሴቶች «የኛ» በሚል ስም ይህንኑ ብሶት በሬዲዮ ማሰማት ጀመሩ። ዝግጅቱ በአማርኛ የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ሲሆን፣ ዘፈንና ውይይትም ነበረው። አሠራሩ በእኛ አስተያየት ብልህነት አለው፤ ድራማው ታሪኩን ይነግራል፣ ዘፈኑ በልጆች አፍ ይቀራል፣ ውይይቱ ደግሞ አባትና እናት ቤት ውስጥ ያላነሡትን ጉዳይ እንዲያነሡ በር ይከፍታል። ማንበብ ለማይችል ቤተሰብም ሬዲዮ ይደርሳል። ከዘፈኖቻቸው አንዱ «አቤት» ይባላል። አቤት ሲጠሩን የምንመልሰው ቃል ነው፤ ዳኛ ፊት የሚቀርበው አቤቱታም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው።

አቤት የሚያሰኘው ነገር ያለዕድሜ ጋብቻና በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ነው። በ1957 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነፃ ያደርገው ነበር። በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያንን የጠላፊ ማምለጫ አስቀረ። ነገር ግን ልደት በማይመዘገብበት ገጠር የልጅቷን ዕድሜ የሚናገረው አባቷ ነው። ሕግ ያልደረሰበትን ዘፈን ይደርስበታል ማለታችን አይደለም፤ ልጅቷ ግን እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን መጀመሪያ መስማት አለባት።

ጉዳዩ ለማኅበረሰባችንም ሩቅ አይደለም። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተዳሩ ናቸው። በእስራኤል የጋብቻ ዕድሜ ከ17 ወደ 18 ከፍ ያለውም በዚያው በ2013 ነው።

«የኛ» ፈተናም ገጥሞታል። ገንዘቡ ከብሪታንያ መንግሥትና ከናይኪ ፋውንዴሽን ይመጣ ስለነበር፣ አንዳንድ የእንግሊዝ ጋዜጦች ልጆቹን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ተሳለቁባቸው፤ በጥር 2017 የብሪታንያ መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። የሕዝብ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል መጠየቅ ተገቢ ነው። ቅር ያሰኘን፣ ከተሳለቁት ብዙዎቹ ድራማው የሚተላለፍበትን ቋንቋ የማይሰሙ መሆናቸው ነው። ዝግጅቱ ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን ድራማ መልክ ቀጥሏል።

አምስቱ ልጆች ከጎንደር ተወላጇ ከአስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ» የተባለ ዘፈንም ሠርተዋል። እንስራ ለተሸከመች ልጅ እቴጌይቱን በምሳሌነት ማቅረብ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እቴጌ ጣይቱ ግን በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ እምቢ ያሉ፣ በዓድዋም የዘመቱ ሴት ብቻ አልነበሩም፤ ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ሌሎች ትዳሮችም አልፈውባቸዋል።