የከዋክብትን ብርሃን የሚያቀላው አቧራ፦ ከእንጦጦ ሰማይ ሥር

ከጉለሌ በላይ፣ በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቆመው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና ምርምር ማዕከል በ2007 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው ዋና መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። እነዚህ መሣሪያዎች የሚቀበሉት ብርሃን ግን ከኮከቡ ሲነሣ የነበረውን መልክ እንደያዘ አይደርስም፤ በመንገዱ ላይ የጠፈር አቧራ ቀንሶታል፣ ቀለሙንም ለውጦታል።

በከዋክብት መካከል ያለው ስፍራ ባዶ አይደለም። አብዛኛው ሃይድሮጅን የሆነ ስስ ጋዝ የሞላበት ሲሆን፣ ከዚህ ቁስ በክብደት 1 በመቶ ያህሉ ካረጁና ከፈነዱ ከዋክብት የተበተነ፣ ሲሊኬትና ካርቦን ያለበት ደቃቅ አቧራ ነው። የብናኞቹ መጠን በአብዛኛው ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያነሰ፣ ማለትም ለሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት የቀረበ በመሆኑ፣ ብርሃንን በመበተንና በመምጠጥ ረገድ ብርቱ ናቸው። ሞገዱ አጭር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን ይበልጥ ሲታገድ ቀዩ በተሻለ ስለሚያልፍ፣ በአቧራ ጀርባ ያለ ኮከብ ደብዝዞና ቀልቶ ይታያል፤ የተመጠጠው ብርሃንም አቧራውን አሙቆ፣ ዓይን በማያየው የታህተ ቀይ ጨረር መልክ ተመልሶ ይወጣል።

ይህ የአቧራ ተጽዕኖ ለረጅም ጊዜ በቂ ግምት ሳይሰጠው ቆይቶ፣ በ1930 እ.ኤ.አ. ሮበርት ትራምፕለር የተባለው ተመራማሪ የከዋክብት ክምችቶችን መጠንና ድምቀት በማነጻጸር፣ ሩቅ የሆኑት ከሚጠበቀው በላይ መደብዘዛቸውን አሳየ። ከዚያ በኋላ አቧራን ሳይለኩ ርቀትን መለካት የማያስተማምን ሆነ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ብርሃን በስፔክትሮግራፍ ሲዘረዘር የሚታዩት ጥቁር መስመሮች የኮከቡን ዓይነት፣ በዚያም በኩል የተፈጥሮ ቀለሙን ያሳውቃሉ፤ ከዚያ ኮከቡ በሰማያዊና በቢጫ አረንጓዴ ማጣሪያዎች ተራ በተራ ይነሣና የታየው ቀለም ከተፈጥሮ ቀለሙ ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ማግኒቲዩድ በተባለው የድምቀት መለኪያ 0.5 ከሆነ፣ ለፍኖተ ሐሊብ በተለመደው 3.1 ተባዝቶ 1.55 ማግኒቲዩድ ድብዘዛ ይሰጣል፤ ይህም ማለት ከኮከቡ ብርሃን የደረሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፣ ይህን ያላረመ ተመራማሪም ኮከቡን ካለበት በእጥፍ አርቆ ያስቀምጠዋል። ሥራው ከመሣሪያ ግዙፍነት ይልቅ ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚሻ በመሆኑ፣ የ1 ሜትር መስተዋት ለዚህ የሚያንስ አይደለም፤ ለአገሪቱ ወጣት ተመራማሪዎችም ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ከእንጦጦ የሚለካ ሰው ግን ከጠፈሩ አቧራ በፊት የምድርን አየር ሂሳብ መቀነስ አለበት። አየርም ብርሃንን ያደበዝዛል፣ ያቀላልም፤ ስለዚህ ድምቀቱ የታወቀ ኮከብ ከአናት ወደ አድማስ ሲያዘቀዝቅ ደጋግሞ እየተለካ፣ የአየሩ ውፍረት በጨመረ ቁጥር ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ይመዘገባል። ከሥር ያለችው አዲስ አበባ መብራቷ በየዓመቱ እየበዛ ሰማዩን ማንጣቱ የተራራውን ከፍታ ጥቅም ይሸረሽረዋል፤ በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች ለወደፊት ጣቢያነት የተጠኑትም ጨለማ ሰማይ ፍለጋ ነው።

የቦታው ትልቁ ሀብት ኬክሮሱ ነው። በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ሁለቱንም የሰማይ ንፍቀ ክበብ ያያል፤ በኅዳር እኩለ ሌሊት ሠውር በተባለው የከዋክብት ስብስብ ያሉት ጥቁር ደመናዎች ከአናት አጠገብ ሲሆኑ፣ በመጋቢት ደግሞ ከአውሮፓ የማይታየው፣ ከደቡብ መስቀል ጎን ያለው ጨለማ የአቧራ ደመና ከደቡብ አድማስ 18 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። አቧራው እጅግ የሚበረታው 26,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ወደሚርቀው የፍኖተ ሐሊብ እምብርት አቅጣጫ ሲሆን፣ በዚያ በኩል ከአንድ ትሪሊዮን የሚታዩ የብርሃን ቅንጣቶች አንዱ ያህል ብቻ ሲያልፍ፣ በታህተ ቀይ ግን ከአሥር አንድ ገደማው ይደርሳል። ይህ እምብርት እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚለው በሰኔ፣ ማለትም የክረምቱ ደመና እንጦጦን በሚሸፍንበት ወር ስለሆነ፣ በዚያ አቅጣጫ ያለውን አቧራ ከዚህ ተራራ ማጥናት የሚሻ ሰው በሚያዝያና በግንቦት ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስኪነጋ ባሉት ሰዓታት መጠቀም ይኖርበታል።