ብስክሌተኛ ያደረበት ከተማ ገንዘብ ያድርበታል

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ማለዳ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ምሳውን በልቶ በዕለቱ ይገባል። በመካከል ያሉት ከተሞች ከእርሱ የሚያገኙት የአንድ ምሳና የአንድ ቡና ሒሳብ ነው። ይህንኑ መንገድ በብስክሌት የሚያቋርጥ መንገደኛ ግን ሦስት ሌሊት ያድራል፤ አሥር ጊዜ ያህልም ይመገባል። የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ ለነጋዴው ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ እንዲህ ያለው ጉዞ ያለ ዕቅድ አይሞከርም። የዕቅዱ መነሻም የየዕለቱ ማደሪያ ነው። ጓዝ የጫነ መካከለኛ ብስክሌተኛ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ለአንድ ቀን ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል።

በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ቀን በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ አልፎ ሞጆ ላይ ያበቃል። ርቀቱ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም አብዛኛው ቁልቁለት ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ ብስክሌት ስለማይፈቀድ ጉዞው በአሮጌው መንገድ ነው፤ እዚያም ከባድ መኪና ይበዛል። ሁለተኛው ቀን በመቂ በኩል ባቱ (ዝዋይ) ያደርሳል፤ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢረዝምም ሜዳ ነው። ሦስተኛው ቀን ከባቱ አርሲ ነገሌ 60 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን ወደ መጨረሻው ዳገት አለው። በአራተኛው ቀን በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ ለመድረስ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀራል።

ተጓዡ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማደሪያው ቢገባ ይመረጣል። በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። መለዋወጫ የውስጥ ጎማና የጎማ መንፊያ ከጓዙ አይለዩም። ለብልሽት ወይም ለዝናብ አንድ ትርፍ ቀን መያዝ፣ የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታም ከመነሳት በፊት በየከተማው ካሉ ሰዎች ማጣራት የዕቅዱ አካል ነው። ሁኔታው ካልተመቸ ጉዞውን ማራዘም ይሻላል።

አሁን ወደ ባለሆቴሉ እንምጣ። የጀርመን የብስክሌተኞች ማኅበር ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብስክሌተኛ ለሚመቹ ማደሪያዎች መለያ ምልክት ይሰጣል። የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን እንግዳ መቀበል፣ ለብስክሌቱ ቁልፍ ያለው ቦታ፣ የራሰ ልብስ ማድረቂያ፣ ጠገብ ያለ ቁርስ፣ ጥቂት የጥገና መሣሪያ።

ከእነዚህ አንዱም የባንክ ብድር አያሻም። ገበያው ገና ጠባብ ስለሆነ በብስክሌተኛ ተስፋ አዲስ ሆቴል መገንባት አይመከርም። አንድ ባዶ ዕቃ ቤት ቆልፎ መስጠት፣ ቁርስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ማድረስና ከሰፈሩ ጎሚስታ ጋር መስማማት ግን የመቂም የአርሲ ነገሌም ባለሆቴል ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሚኒባስ የሚያልፉ አሥር ሰዎች በዚህ መንገድ ላይ አሥር ምሳ ይበላሉ። እነዚሁ አሥር ሰዎች በብስክሌት ቢመጡ ሠላሳ አልጋና መቶ ማዕድ ይከፍላሉ።