የዘገየው ተማሪና የከተማው ፕላን

ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሲያበቃ «አሁን ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ የትራንስፖርትና የከተማ ፕላን ልማር ነው» ቢልዎ ምን ይሉታል? «ታክሲ ለመሳፈርም ዲግሪ ያስፈልጋልን?» ብለው ይስቁ ይሆናል። እኔም ስቄአለሁ። ሳቄን ያቋረጠኝ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው።

የማስተምረው ፒያሳ አካባቢ ነው። አንድ ቀን የበር ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ይህ ልጅ የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ካለቀ በኋላ እያለከለከ መጣ፤ በዚያ ሳምንት ሦስተኛው ነበር። ተቆጣሁት፤ እንደ ልማዳችንም አንበረከክሁት።

«ቲቸር፣ እኛ እኮ አሁን ቱሉ ዲምቱ ነን» አለኝ።

ቤተሰቡ ቀድሞ ይኖር የነበረው ከትምህርት ቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ብቻ በሚርቅ የቀበሌ ቤት ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ በወጣላቸው ቀን ጎረቤቱ ተሰብስቦ እልል ብሎላቸዋል። የቧንቧ ውሃ፣ የራስ መጸዳጃ ቤት፣ ማንም የማያስለቅቃቸው ቤት አገኙ፤ ደስታው የተገባ ነው። ልጁ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል። በጨለማ ተሰልፎ እስከ ቃሊቲ በታክሲ ይመጣል፤ ከዚያ ያገኘውን ይዞ ወደ መሐል ከተማ ይወጣል።

እንግዲህ ይህን ልጅ ያዘገየው ማን ነው? ታክሲው ነውን? መንገዱ ነውን? ወይስ ቤቱ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ሮበርት ሚቼልና ቼስተር ራፕኪን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባሳተሙት መጽሐፍ የከተማ ትራፊክ የመሬት አጠቃቀም ውጤት መሆኑን አስረዱ። ይኸውም ሰው በማለዳ መንገድ የሚወጣው መንገዱን ወዶ ሳይሆን፣ መኝታው በአንድ ሠፈር እንጀራው በሌላ ሠፈር ስለሆነ ነው። ነገሩ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም ቤት የሚያሠራውና አውቶቡስ የሚያሰማራው ሳይመካከሩ የሚያድጉ ከተሞች ጥቂት አይደሉም። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ዲግሪ የሚጣመሩት ስለዚህ ነው።

ተማሪው መጀመሪያ ከሚጋፈጣቸው ነገሮች አንዱ በዚያው ዘመን በዲትሮይትና በቺካጎ የዳበረው ባለ አራት ደረጃ ስሌት ነው። ከየሠፈሩ ስንት ጉዞ ይነሣል? ወዴት? በምን? በየትኛውስ መንገድ? ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ ሒሳቡ ግን ስታትስቲክስ የሚፈራውን ሰው ላብ በላብ ያደርገዋል። በነገራችን ላይ የእነዚያ የቀድሞ ጥናቶች ዋና ሐሳባቸው መኪና ስለነበረ እግረኛውን ረስተውት ነበር። ከጉዞው እኩሌታ ያህሉ በእግር በሚደረግባት በአዲስ አበባ ይህን ስሌት እንዳለ የገለበጠ ሰው የሚያገኘውን ከተማ እርስዎ ያስቡት።

ለተማሪው ከመጽሐፍ ይልቅ የሚያስተምረው የቀላል ባቡራችን ታሪክ ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መሥመሮች 34 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጣቢያዎቹ 39፣ ባቡሮቹ 41 ነበሩ። ሕዝቡም በደስታ ተጋፍቶ ተሳፈረ። ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ለድኻው የሚስማማ ዋጋ ነው፤ ግን የጎደለውን የሚሞላው ማን ነው? ገቢው ወጪውን ሳይችል ቀረ፤ መለዋወጫም እየጠፋ ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። በምድር ላይ የተዘረጋው ሐዲድም በአጥሩ ሠፈርን ከሠፈር ስለለየ፣ ትናንት ተሻግረው ቡና የሚጠጡ እናቶች ዛሬ መሻገሪያ ፍለጋ ይዞራሉ። የደቡቡ ሐዲድ ቃሊቲ ላይ ሲያበቃ የተማሪዬ ቤት ገና ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ ባቡሩ መሠራቱን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሐዲድ መዘርጋትና ሰው ማጓጓዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገን ነበር እላለሁ።

ለመማር የሚፈልግ ወጣት የግድ መሐንዲስ መሆን የለበትም፤ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ሶሺዮሎጂ የተማረውም ይገባበታል። በእኛው ከተማ፣ በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስዊድኖች እርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ወራሽ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም የከተማ ፕላን ያስተምራል። በእንግሊዝ አገር የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የትራንስፖርት ጥናት ተቋም አለው፤ ግን የነፃ ትምህርት ዕድል ያላገኘ የመምህር ደመወዝ ይዞ አያስበው።

እኔ ለጊዜው በክፍሌ ጀምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ሁሉ ሠፈራቸውንና ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ጽፈው ሰጡኝ፤ በከተማው ካርታ ላይ በቀለም ነጠብጣብ አሰፈርነው። የዘገየው ልጅ የራሱን ነጠብጣብ ሊያኖር ሲል ቱሉ ዲምቱ ከካርታው ውጭ ሆነበት፤ ወረቀት ቀጥለን ለጠፍንለት። ዲሬክተራችን ካርታውን አይተው ተደነቁና በቢሯቸው ግድግዳ ሰቀሉት። በሩ ግን ዛሬም በ2 ሰዓት ይዘጋል።